ቁጥሩና ልብሱ፤ ገንዘብን በኮምፒዩተር ላይ አስተካክሎ ስለ መጻፍ

(ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ በካኩማ የስደተኞች ሰፈር የኮምፒዩተር ኮርስ ለጨረሱ ወጣቶችና ለማኅበራት ጸሐፊዎች አንድ ስደተኛ አስተማሪ ያደረገው ንግግር ነው።)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ቁጥርና ገንዘብ በኮምፒዩተር ላይ እንዴት መጻፍ እንዳለበት ነው። ርዕሱን ሰምተው «ይህ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል? ቁጥር ያው ቁጥር ነው» ያሉኝ ወዳጆች አሉ። እኔም ቀደም ሲል እንደዚያው አስብ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የተሰደድሁ አስተማሪ እንጂ የሒሳብ ምሁር አይደለሁም። ስለዚህ የምነግራችሁ በአብዛኛው ከራሴ ስህተት የተማርሁትን ነው። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ የተጎዳችው ግን ሌላ ሰው ነበረች። ንግግሬንም ከዚያው እጀምራለሁ።

በአንዲት እናት ላይ የደረሰው

እኔ አባል የሆንሁበት አንድ ማኅበር አለ። አባላቱ 64 ነን። ማኅበሩ በጋራ ገንዘብ የገዛው ወፍጮ ነበረው፤ ወፍጮው ለአንድ ሰው ተከራይቶ በየወሩ 6,500 የኬንያ ሽልንግ ያስገባ ነበር። ይህ ገንዘብ በየወሩ ለ64ቱ አባላት እኩል ይካፈላል። ገንዘብ ያዣችን ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ሴት ናቸው። ፊደል ቆጥረዋል፤ ኮምፒዩተር ግን አያውቁም። እኔ «በደብተር መጻፍ ቀርቶ በኤክሴል ይሁን» ብዬ ሠንጠረዡን ሠራሁላቸው።

6,500 ለ64 ሲካፈል 101.5625 ይሆናል። ይህ ቁጥር በእያንዳንዱ ስም ፊት ተደርድሮ ሲታይ አስቀያሚ ሆነብኝ። በኤክሴል ላይ ከነጥብ በኋላ ያሉትን አሃዞች የምትደብቅ ቁልፍ አለች፤ እሷን አራት ጊዜ ተጫንሁ። ቁጥሩ 102 ሆኖ ታየ። ደስ አለኝ፤ አተምሁና ሰጠኋቸው። እማማም ወረቀቱን ይዘው ለእያንዳንዱ አባል 102 ሽልንግ እየቆጠሩ፣ እያስፈረሙ ከፈሉ። ጎደል ያለውን ከማኅበሩ መጠባበቂያ ሣጥን እየወሰዱ ይሞሉ ነበር። በወረቀቱ ግርጌ ያለው ድምር ግን 6,500 ይል ነበር።

ይህ ለአሥራ ሁለት ወር ቀጠለ። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ሲመረመር ከመጠባበቂያው ሣጥን 336 ሽልንግ ጎደለ። ሰነዱ ሁሉ አለ፤ ፊርማው ሁሉ አለ፤ ድምሩ በየወሩ 6,500 ነው። ገንዘቡ ግን የለም። ሣጥኑን የሚከፍቱት እማማ ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልትገምቱ ትችላላችሁ። በፊታቸው የተናገረ ሰው አልነበረም፤ በውኃ ቧንቧው ሰልፍ ላይ፣ በቡና ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ግን ተወራ። እማማ ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጡም። ስደተኛ ሰው ቤቱን፣ ከብቱንና አገሩን ጥሎ ሲወጣ ይዞት የሚመጣው ሀብት ስሙ ብቻ ነው። የሳቸው ስም በ336 ሽልንግ ሊጠፋ ደረሰ።

ያዳናቸው ኮምፒዩተር አልነበረም። በስብሰባው መካከል በገበያ ላይ ቅመም የሚሸጡ፣ ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁ አንድ አባት ወረቀቱን ተቀበሉኝና «አስተማሪ፣ ስንት ሰው ነን?» አሉኝ። «64 ነን አባቴ» አልኋቸው። «ለሰው ስንት ተሰጠ?» «102።» ትንሽ ዝም ብለው፣ «መቶ መቶው 6,400 ነው። ሁለት ሁለቱ 128 ነው። ስለዚህ 6,528 ነው። ታዲያ ወረቀትህ ከታች 6,500 የሚለው ከማን ተምሮ ነው?» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። በየወሩ 28 ሽልንግ፣ በአሥራ ሁለት ወር 336። ልክ የጎደለው ያ ነው። ገንዘቡ የሄደው ወደ እኛው ወደ አባላቱ ኪስ ነበር፤ እያንዳንዳችን በየወሩ ግማሽ ሽልንግ የማትሞላ ትርፍ ወስደናል። ኮምፒዩተሩ አልተሳሳተም፤ እሱ በልቡ 101.5625 ይዞ ስለነበር የሚደምረው ያንን ነው። የተሳሳተው ቁጥሩን ልብስ አልብሶ ሌላ ያስመሰለው ሰው ነው፤ ያም ሰው እኔ ነኝ። በዚያው ስብሰባ ቆሜ እማማን ይቅርታ ጠየቅሁ።

የሚታየውና የተያዘው

ተማሪዎቼ፣ ከዚህ ሁሉ የምትይዙት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ በኮምፒዩተር ውስጥ እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ነገር አለው። አንዱ የተያዘው ቁጥር ነው፤ ሌላው የሚታየው መልክ ነው። ኮማው፣ ነጥቡ፣ «ብር» ወይም «ሽልንግ» የሚለው ስም፣ ከነጥብ በኋላ የሚታዩት አሃዞች ብዛት፣ እነዚህ ሁሉ የቁጥሩ ልብስ ናቸው። ልብስ መቀየር ሰውየውን አይቀይረውም። ሰው ግን የሚያምነው ያየውን ነው፤ የሚከፍለውም ባየው ነው። ስለዚህ ልብሱ ከሰውየው ጋር እንዲስማማ ማድረግ የጸሐፊው ግዴታ ነው።

በእኛ ሠንጠረዥ ላይ መደረግ የነበረበት ቀላል ነው። ለሰው የሚከፈለው ሙሉ ሽልንግ ከሆነ፣ ክፍያው ራሱ ሙሉ ሽልንግ ሆኖ መሰላት አለበት። በኤክሴል «ራውንድ ዳውን» የሚባለው ስሌት ክፍልፋዩን ቆርጦ 101 ያደርገዋል። 101 በ64 ሲባዛ 6,464 ነው። ከ6,500 ላይ 36 ይተርፋል። ይህ 36 ሽልንግ «ቀሪ» ተብሎ በራሱ ረድፍ ላይ ተጽፎ ወደ ሣጥኑ ይገባል። እንግዲህ የመስመሮቹ ድምርና የግርጌው ድምር አንድ ሆኑ ማለት ነው። ዛሬ የምንሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ነገር የደረሰው በእኛ በደሃዎቹ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በካናዳ የቫንኩቨር የአክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ የዋጋ መለኪያ ቁጥር ከ1,000 ጀመረ። ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን በቀን በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ እንደገና ያሰላ ነበር፤ ባሰላ ቁጥር ደግሞ ከነጥብ በኋላ ካለው ሦስተኛ አሃዝ ወዲያ ያለውን ማጠጋጋት ሲገባው ይቆርጠው ነበር። የሚቆረጠው በጣም ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ጥቂቱ ተጠራቅሞ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1983 መለኪያው ወደ 524 ወርዶ ታየ። ታርሞ ሲሰላ እውነተኛው ቁጥር ከ1,098 በላይ ሆኖ ተገኘ። ሃያ ሁለት ወር ሙሉ ነጋዴው ሁሉ ገበያው እየወደቀ ይመስለው ነበር።

ፕሮግራም መጻፍ ለጀመራችሁት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኮምፒዩተር የሚቆጥረው በሁለት ምልክት፣ በዜሮና በአንድ ስለሆነ፣ 0.1 ለእሱ የማያልቅ ክፍልፋይ ነው፤ እኛ አንድን ለሦስት ስናካፍል 0.333 እያልን እንደማንጨርሰው ማለት ነው። ስለዚህ በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ መልሱ 0.30000000000000004 ሆኖ ይታያል። ለገንዘብ የሚመከረው መፍትሔ ሁሉንም በሳንቲም መያዝ ነው። 15 ብር ከ75 ሳንቲም ብላችሁ በመያዝ ፈንታ 1575 ሳንቲም ብላችሁ ያዙ፤ ነጥቡን የምታስገቡት ለሰው ስታሳዩ ብቻ ይሁን። የማጠጋጋት ሕግም ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያል። 2.5ን ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋጋ ቢባሉ ኤክሴል 3 ይላል፤ ፓይተን የሚባለው ቋንቋ ግን 2 ይላል፤ ምክንያቱም ግማሽ ሲገጥመው ወደ ሙሉ ጎዶሎ ያልሆነው ቁጥር ስለሚሄድ ነው። ሁለቱም ሕግ አላቸው፤ የሚጎዳው የትኛው ሕግ እንደሚሠራ ሳይጠይቁ ማለፍ ነው።

ኮማና ነጥብ በየአገሩ

አሁን ወደ ኮማና ነጥብ እንለፍ። በኢትዮጵያም በኬንያም ሺህን የምንለየው በኮማ፣ ሳንቲምን የምንለየው በነጥብ ነው። 1,500.00 ስንል አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው። ዓለም ሁሉ ግን እንዲህ አይጽፍም። በጀርመንና በጣሊያን ተገላቢጦሽ ነው፤ ሺህ በነጥብ ይለያል፣ ሳንቲም በኮማ፤ 1.500,00 ብለው ይጽፋሉ። በፈረንሳይና በስዊድን ለሺህ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ 1 500,00 ይሆናል። በስዊዘርላንድ ሺህን ለመለየት ከላይ የምትቀመጥ ጭረት ይጠቀማሉ። በሕንድ ደግሞ ከመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች በኋላ በሁለት በሁለት አሃዝ ይለያሉ፤ 1,234,567 የሚለውን 12,34,567 ብለው ይጽፉታል።

ይህ ለእኛ ተራ ዕውቀት አይደለም። ዘመዶቻችን የተበተኑት በእነዚህ አገሮች ነው። ጀርመን ያለ ወንድም «1.500 ልኬአለሁ» ብሎ ቢጽፍና እዚህ ያለው ታናሹ አንድ ነጥብ አምስት ብሎ ቢያነብ፣ በመካከላቸው የሚገባው ቅሬታ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ኮምፒዩተርም እንደ ታናሽ ወንድም ነው። በጀርመን አጻጻፍ የተጻፈ ዝርዝር በእኛ አጻጻፍ በተዘጋጀ ኮምፒዩተር ሲከፈት 1.500 ያለምንም ማስጠንቀቂያ አንድ ተኩል ሊሆን ይችላል።

ስለሆነም ሕጋችን ይህ ይሁን፤ ቁጥር ስትመዘግቡ ኮማ አትጻፉ፣ «ሽልንግ» ብላችሁም ከቁጥሩ ጋር በአንድ ሴል አትጻፉ። 1500 ብላችሁ ባዶውን አስገቡ። ኮማውንና የገንዘቡን ስም ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያለብሰው እዘዙት። «1500 ሽልንግ» ብላችሁ በእጃችሁ ከጻፋችሁ ኤክሴል ቁጥር መሆኑን ትቶ እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል፤ ዓምዱን ስትደምሩም ዘልሎት ያልፋል። አንድ አባል ከፍሎ ሳለ ድምሩ ውስጥ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው። ምልክቱ ይህ ነው፤ ቁጥር በሴሉ ውስጥ ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። ሁሉም ወደ ቀኝ ተሰልፎ አንዱ ብቻ ወደ ግራ ካፈነገጠ እሱን መርምሩት። ቁጥሮች በቀኝ መሰለፋቸው ለዓይንም ይጠቅማል፤ አንድ ከአንድ ሥር፣ አሥር ከአሥር ሥር ስለሚሆን ከቁጥሮቹ አንዱ ሲበዛ ወይም ሲያንስ ወዲያው ይታያል።

ሽልንግ የማን ሽልንግ?

የገንዘብ ስም ሌላው ጣጣ ነው። ሽልንግ የኬንያም፣ የኡጋንዳም፣ የታንዛኒያም፣ የሶማሊያም ገንዘብ ስም ነው፤ ዋጋቸው ግን እጅግ የተራራቀ ነው። ፓውንድ የሱዳንም የደቡብ ሱዳንም ነው። የዶላር ምልክት የአሜሪካም፣ የካናዳም፣ የአውስትራሊያም ነው፤ ከመካከላችን በእነዚህ በሦስቱም አገሮች ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው። በዚህ ሰፈር ከብዙ አገር የመጣ ሕዝብ ጎን ለጎን ስለሚኖር «5,000 ሽልንግ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም። በዓለም አቀፍ ደረጃ ለእያንዳንዱ ገንዘብ ባለ ሦስት ፊደል መለያ ተሰጥቶታል። የኢትዮጵያ ብር «ኢ ቲ ቢ»፣ የኬንያ ሽልንግ «ኬ ኢ ኤስ»፣ የኡጋንዳ «ዩ ጂ ኤክስ»፣ የታንዛኒያ «ቲ ዜድ ኤስ» ነው። በአማርኛ ስትጽፉ ደግሞ «የኬንያ ሽልንግ» ብላችሁ ሙሉውን በዓምዱ ራስ ላይ አንድ ጊዜ መጻፍ ይበቃል።

በገበያችን «500/=» የሚለውን አጻጻፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ይህ በእንግሊዝ ጊዜ ሽልንግና ፔኒ በጭረት ተለይተው ይጻፉ ከነበረበት ዘመን የቀረ ልማድ ነው፤ ከጭረቱ ወዲያ ያለው ምልክት «ትርፍራፊ ሳንቲም የለም» ማለት ነው። በዋጋ ማስታወቂያ ላይ መልካም ነው፤ በኮምፒዩተር ሴል ውስጥ ግን አትጻፉት፤ ቁጥሩን ጽሑፍ ያደርግባችኋል።

ከነጥብ በኋላ የሚጻፉት አሃዞችም በየገንዘቡ ይለያያሉ። ብር መቶ ሳንቲም ስለሆነ ሁለት አሃዝ ይበቃዋል። የኡጋንዳ ሽልንግና የጅቡቲ ፍራንክ በሚመዘገቡበት ጊዜ ከነጥብ በኋላ አሃዝ የላቸውም። የኩዌትና የባሕሬን ዲናር ደግሞ እያንዳንዱ አንድ ሺህ ፊልስ ስለሆነ ሦስት አሃዝ አላቸው። እንግዲህ በኩዌት የምትሠራ እህታችን በደረሰኝ ላይ 12.500 ዲናር ተብሎ ቢጻፍላት አሥራ ሁለት ዲናር ተኩል ነው እንጂ አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ አይደለም። ጀርመን ያለው ወንድሟ ያንኑ ቁጥር ቢያይ ግን አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብሎ ያነበዋል። ያው ጽሑፍ፣ ያው ነጥብ፣ ሁለት የተለያየ ገንዘብ።

አብዛኞቹ ዘመናዊ ፕሮግራሞች ይህን ሁሉ በውስጣቸው ይዘውታል። ለምሳሌ ጃቫ ስክሪፕት በሚባለው ቋንቋ ውስጥ «ኢንትል» የተባለ ክፍል አለ፤ ቁጥሩን፣ የቋንቋና የአገር መለያውን፣ የገንዘቡን መለያ ስትሰጡት እንደ አገሩ ልማድ አልብሶ ይመልስላችኋል። ስለዚህ ኮማ የሚያስገባ ፕሮግራም በእጃችሁ ለመጻፍ አትድከሙ፤ ያለውን ተጠቀሙ። ነገር ግን የገንዘቡን መለያ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ፤ ከተሳሳታችሁ የተሳሳተውን አሳምሮ ያለብሰዋል።

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት አለ። ተማሪ በዶላር የተጻፈውን ዓምድ መርጦ የገንዘቡን ምልክት ወደ ብር ይቀይርና «ወደ ብር መነዘርሁት» ይለኛል። ምልክት መቀየር ምንዛሪ አይደለም። 100 ዶላር የነበረው 100 ብር ተብሎ ይታያል፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ምንዛሪ ማለት በዋጋው ማባዛት ነው፤ የተባዛበት ዋጋና ቀኑም ከጎኑ መጻፍ አለበት። በኢትዮጵያ የምንዛሪው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 መጨረሻ ሲለወጥ ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ከመቶ ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት የተመነዘረና ከዚያ በኋላ የተመነዘረ ቁጥር ያለ ቀን በአንድ ዓምድ ከተደረደሩ፣ ድምሩ የምንም ድምር አይደለም።

ቁጥር የሚመስሉ፣ ቁጥር ያልሆኑ

የስልክ ቁጥር፣ የካርድ ቁጥር፣ የመመዝገቢያ ቁጥር አይደመርም፣ አይቀነስም። እነዚህ ስሞች ናቸው፤ አሃዝ ለብሰው ነው እንጂ። ኮምፒዩተር ግን ቁጥር መስሎት መልካቸውን ያበላሻል። 0045 ብላችሁ ብትጽፉ ዜሮዎቹን ጥሎ 45 ያደርገዋል። ረጅም ከሆነ ደግሞ ኤክሴል አሳጥሮ በነጥብና በ«ኢ» ፊደል ያሳየዋል፤ ከአሥራ አምስት አሃዝ ካለፈ ትርፉን ወደ ዜሮ ይለውጠዋል፤ የጠፋው አሃዝም ተመልሶ አይገኝም። ለስደተኛ አንድ አሃዝ ማለት ከዝርዝር ላይ መገኘትና አለመገኘት ነው። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን «ጽሑፍ» ብላችሁ አዘጋጁ። እዚህ ላይ ወደ ግራ መጠጋቱ ትክክል ነው።

ባዶና ዜሮም ይለያያሉ። ባዶ ሴል «ገና አልተመዘገበም» ማለት ነው፤ ዜሮ «ጠይቀናል፣ አልከፈለም» ማለት ነው። ለመልክ ሲባል ዜሮዎችን መደበቅ የሰውን ዕዳ መደበቅ ወይም ያልተጠየቀን ሰው ዕዳ ማስመሰል ይሆናል። ዕዳን በቀይ ቀለም ማሳየት ደግሞ በስክሪን ላይ ያምራል፤ የእኛ ማተሚያ ግን ጥቁር ብቻ ነው፤ ቀዩ 500 በወረቀት ላይ ሲወጣ ዕዳው ሀብት መስሎ ይወጣል። ስለዚህ የመቀነስ ምልክቷን ጻፉ፤ ከተቻለም «ዕዳ» የሚል ዓምድ ለብቻው ክፈቱ። ዓምዱ ጠቦ ኤክሴል የአጥር ምልክት ቢደረድርባችሁ አትደንግጡ፤ ቁጥሩ አልጠፋም፤ ዓምዱን አስፉለት።

ስለ ራሳችን አሃዝ

«የራሳችን የግዕዝ አሃዝ እያለን ለምን በሌላ እንጽፋለን?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አሃዞቻችን እ.ኤ.አ. በ1999 ከፊደላችን ጋር ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል ሰነድ ውስጥ ገብተዋል፤ በማንኛውም ዘመናዊ ኮምፒዩተርና ስልክ ሊጻፉ ይችላሉ። ይሁን እንጂ የግዕዝ አሃዝ ዜሮ የለውም፤ ለአሥር ፲፣ ለሃያ ፳፣ ለመቶ ፻፣ ለአሥር ሺህ ፼ እያለ በየደረጃው የራሱ ምልክት አለው። 105 ለመጻፍ ፻፭ እንላለን። ስለዚህ አሃዝን በአሃዝ እየተካ የሚጽፍ ፕሮግራም ብትሠሩ ዜሮው ጋ ሲደርስ የሚያስቀምጠው ያጣል። ለቀን፣ ለምዕራፍ፣ ለማኅበሩ ማኅተም እጅግ ያምራል፤ ለመደመርና ለመቀነስ ግን ሌላው ይቀላል። ሁለቱንም በየቦታቸው እንጠቀም።

ከአገራችን የጽሕፈት ቤት ልማድ ግን አንድ ነገር እንዳይቀርብን እለምናለሁ። ያ በደረሰኝና በቼክ ላይ ቁጥሩን በፊደልም መድገም ነው፤ «ብር 1,500.00 (አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ከ00/100)» የሚለው። ኮማ ቢሳሳት፣ ዜሮ ቢጨመር፣ ነጥብ ቢጠፋ ፊደሉ ይመሰክራል። ሰነፍ የሚያስመስል ድግግሞሽ ነው፤ ነገር ግን ማንም አንባቢ፣ ጀርመን ይኑር ካኩማ፣ አይሳሳትበትም።

ለማጠቃለል

ውድ ተማሪዎቼ፣ ነገ ከነገ ወዲያ በየማኅበራችሁ፣ በየሱቁ፣ አንዳንዶቻችሁም ዕድል ሰጥቷችሁ በሌላ አገር፣ የሰው ገንዘብ በሠንጠረዥ ትጽፋላችሁ። ወረቀት ከማተማችሁ በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁ። የሚታየው ቁጥር ከተያዘው ጋር አንድ ነው? የማን ገንዘብ እንደሆነ ተጽፏል? ኮማውንና ነጥቡን የሚያነበው ሰው እንደ እኔ ያነበዋል? መስመሮቹ በእጅ ሲደመሩ ግርጌ ካለው ድምር ጋር ይገጥማሉ? አራተኛውን ለራሳችሁ ብቻ አትተዉት፤ ኮምፒዩተር ለማያውቅ ሰው ስጡና በቃሉ ያስላው።

እማማ ዛሬም ገንዘብ ያዣችን ናቸው። ይቅርታ በጠየቅሁ ማግስት ቤታቸው ሄጄ ነበር። ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ስለ ነገሩ አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ወረቀትህን አምኜ ነው የከፈልሁት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ወረቀቱን ስወስድላቸው ከመቀበላቸው በፊት መነጽራቸውን አድርገው አንዱን መስመር በጣታቸው ይዘው በ64 ያባዛሉ። እኔም ቆሜ እጠብቃለሁ። እስኪጨርሱም አልናገርም።